ቸርችል ጎዳና፣ 3ኛ ፎቅ፦ የጠዋት ፀሐይን ወለል ላይ የማሳረፍ ሥራ ማስታወሻ

ቦታው ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሐር ሲወረድ በቀኝ በኩል ነው። ባለ 4 ፎቅ የኮንክሪት ሕንፃ፣ ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት፣ መስኮቱ የብረት ፍሬምና ነጠላ መስታወት። የምንሠራበት ክፍል ወደ መንገዱ የሚያየው የምሥራቁ ቢሮ ነው፦ ርዝመቱ 16 ሜትር፣ ጥልቀቱ 6.40፣ ከወለል እስከ ሶሌታ (የኮንክሪቱ ጣሪያ) 3.20 ሜትር። 14 ሰው ይሠራበታል። ቅሬታው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ጠዋት ብርድ፣ ረፋድ ላይ ወበቅ፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ መጋረጃ ተዘግቶ መብራት ይበራል። የተሰጠን ሥራ ያለ ማሞቂያና ያለ ኤሲ ይህን ማስተካከል ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሰዓት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ኅዳር 20፣ 2017

መጀመሪያ አቅጣጫ። የስልክ ኮምፓስ ለዚህ ሥራ አይታመንም፤ በረንዳው ውስጥ ያለው ፌሮ መርፌውን ይጎትተዋል። ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብለን ስንለካ የ14 ዲግሪ ልዩነት ሰጠ። ስለዚህ ቱምቢ አንጠልጥለን የክሩን ጥላ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርን። ፀሐይ መሐል ሰማይ የምትደርሰው ሰዓቱ 6፡00 ሲል አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን አዲስ አበባ ያለችው 38.75 ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ብቻ 25 ደቂቃ ያዘገያል። በኅዳር 20 ገደማ ደግሞ ፀሐይ ከሰዓቱ 12 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። ሲቀናነስ 6፡13 ይሆናል። በዚያች ደቂቃ የክሩ ጥላ የሚያመለክተው ትክክለኛውን ሰሜን ነው። ውጤቱ፦ የክፍሉ ግንባር ምሥራቅ ነው ለማለት ይበቃል፣ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ በታች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። በፀሐይ ስለሚሞቁ ቤቶች የተጻፈው አብዛኛው መመሪያ ከምድር ወገብ 40 እና 50 ዲግሪ ርቀው ላሉ አገሮች ነው፤ «መስኮቱን ወደ ደቡብ አዙር» ይላል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ታኅሣሥ 12 ቀን፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ አብልጣ በምታዘነብልበት ዕለት እንኳ፣ ቀትር ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ከፍ ትላለች። በደቡብ መስኮት ላይ 60 ሳንቲ ወጣ ያለ ጥላ ካለ በዚያ ሰዓት 94 ሳንቲውን ይሸፍነዋል። ደግሞስ ቀትር ላይ ማን በረደው? እዚህ ብርዱ ያለው 2፡30 ላይ ነው፣ ሰው ቢሮ ሲገባ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ፊት ለፊት የምታየው የምሥራቁን መስታወት ነው። ይህን ክፍል «አቅጣጫው የተበላሸ» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው። እኛ ግን የሕንፃው ማሞቂያ እሱ ነው ብለን ነው የተነሣነው።

ኅዳር 22 እስከ 30

ያለውን መመዝገብ። አምስት የሙቀት መመዝገቢያዎች ተሰቀሉ፦ ሦስቱ በ1.10 ሜትር ከፍታ (የተቀመጠ ሰው ራስ)፣ አንዱ ከኮርኒሱ በላይ፣ አንዱ ውጭ በሰሜን ጥላ ሥር። አንደኛው ጠዋት ፀሐይ ፊቱ ላይ እያረፈችበት 34 ዲግሪ አስመዘገበ፤ የሁለት ቀን መረጃው ተጣለ። መመዝገቢያን በአሉሚኒየም ፎይል ኮፍያ ከልሎ፣ ከግድግዳ አንድ ጣት አርቆ መስቀል ያስፈልጋል።

የስምንቱ ቀን አማካይ፦ ጠዋት 2፡30 ላይ 16.4፣ በ5፡00 25.6፣ ከሥራ መውጫ 11፡30 ላይ 22 ዲግሪ። ውጭ ሌሊቱን እስከ 8 ይወርዳል። ክፍሉ ፀሐይ አላጣም፤ የገባለትን ማስቀመጥ አልቻለም። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ወለሉ ሞኬት ለብሷል። ሶሌታው ከቺፑድ ኮርኒስ በላይ ተደብቋል። ፀሐይዋ የምታርፈው ቡናማው መጋረጃ ላይ ነው፤ ጨርቁ በእጅ ሲነካ ይፋጃል፤ ያ ሙቀት ወደ አየሩ ይሄዳል፣ አየሩ ደግሞ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወበቅ ሆኖ በመስኮት ይወጣል። ከባዱ ነገር ሁሉ፣ ኮንክሪቱና ቴራዞው (ከሞኬቱ ሥር ያለው የሲሚንቶና የድንጋይ ፍርፋሪ ወለል)፣ ከጨዋታው ውጭ ነው።

ብርሃን፦ በ75 ሳንቲ ከፍታ ከመስኮቱ 1፣ 3 እና 5 ሜትር ርቀት ላይ ተለካ። ለምሥራቅ ክፍል የምንለካው ከ8፡00 በኋላ ነው፣ ቀጥታ ፀሐይ ካለፈች በኋላ፤ አለዚያ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። የውስጡና የውጭው በአንድ ጊዜ መወሰድ አለበት። መጋረጃው ሙሉ ተከፍቶ፣ 5 ሜትር ላይ ያለው ጠረጴዛ ከውጭው ብርሃን ያገኘው 0.9 በመቶ ብቻ ነው። ለጽሕፈትና ለኮምፒውተር ሥራ የሚፈለገው 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። በስልክ መተግበሪያ መለካት አይሆንም፤ ሁለት ስልኮች አንድ ቦታ ላይ 210 እና 390 አሉ።

ታኅሣሥ 3

ኮርኒሱ ወረደ። 102 ካሬ በሁለት ቀን፣ በአራት ሰው። ማፍረስ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥግ ተነቅሎ ምንነቱ ታየ፤ አሮጌ ሕንፃ ላይ የአስቤስቶስ ሉህ ሊኖር ይችላል፣ እሱ ከሆነ በደረቁ መስበርም መጋዝም አይቻልም። የእኛው ቺፑድ ነው።

የጠበቅነው የሶሌታውን መገለጥ ነበር። ተጨማሪ ያገኘነው መስታወት ነው። መስኮቶቹ 2.80 ሜትር ላይ ነው የሚያልቁት፣ ከቢሙ ሥር። ኮርኒሱ የተሰቀለው ደግሞ በ2.55 ነበር። በስምንቱም መስኮቶች ላይ የላይኛው 25 ሳንቲ በቺፑድ ሳጥን ተሸፍኖ፣ በአቧራና በሸረሪት ድር ተሞልቶ ዓመታት ኖሯል። ሲደመር 3.2 ካሬ መስታወት። ለብርሃን ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸው የላይኛው ነው፤ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የመስኮቱን አናት ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። 2.55 ሲሆን 5.10፣ 2.80 ሲሆን 5.60 ሜትር። ክፍሉ 6.40 ነው።

ሶሌታው ላይ የነበረው አሮጌ ኖራ ተፍቆ፣ የተላላጠው በስቱኮ ተሞልቶ፣ ሁለት እጅ ነጭ የፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። የሚያብረቀርቅ ቀለም ኮርኒስ ላይ አይቀባም፤ የመስኮቱን ምስል እየመለሰ ኮምፒውተር ላይ ይጥለዋል። ከሶሌታው ሥር የተንጠለጠለው ሽቦ ሁሉ በቱቦ ገብቶ ከቢሙ ጎን ተያዘ።

ኪሳራው፦ ድምፅ። ኮርኒስ ሲነሣ ክፍሉ ያስተጋባል። በኋለኛው ግድግዳ ላይ በጨርቅ የተለበጠ የስፖንጅ ሰሌዳ፣ 1.20 በ2.00 የሆነ 4 ፍሬ፣ ተለጠፈ። በሶሌታው ላይ መለጠፍ የምናስቀረውን ሙቀት መልሶ መሸፈን ነው።

ታኅሣሥ 9

ሞኬቱ ተነሣ። ሥሩ ግራጫ ቴራዞ ነው፣ በብዙ ቦታ ደህና። ችግሩ ኮላው ነው። በሙቅ ውሃ የረጠበ ጆንያ ለ40 ደቂቃ አልብሶ በሰፊ ስፓቱላ መፋቅ ሠራ፤ ቤንዚን የመጠቀም ሐሳብ ቀርቦ ነበር፣ ዝግ ክፍል ውስጥ አይታሰብም። ከዚያ የወለል ማሽን በውሃ ሁለት ጊዜ። ሰም አልተቀባም።

ሂሳቡ ይህ ነው። የኮንክሪት አንድ ሜትር ኩብ በአንድ ዲግሪ 2.1 ሜጋ ጁል ያህል ይይዛል። በአንድ ቀን ዙር ሙቀት የሚዘልቀው 10 ሳንቲ ግድም ነው፤ ከዚያ በላይ ውፍረት ለቀን አይጠቅምም። 102 ካሬ ወለል በ10 ሳንቲ፣ በአንድ ዲግሪ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ሶሌታው ሌላ 6። ጠዋት ከ1፡30 እስከ 5፡30 በ24 ካሬው መስታወት የሚገባው በእኛ ግምት 24 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያ ሁሉ አየር ላይ ሲወርድ ወበቅ ነው፤ ወለልና ሶሌታ ሲካፈሉት ሁለት ዲግሪ ነው።

ታኅሣሥ 12

ፀሐይ ወለሉ ላይ የት እንደምታርፍ በየግማሽ ሰዓቱ በወረቀት ቴፕ ምልክት አደረግን። የላይኛውን መስታወት ሸፍነን፣ እስከ 2.20 ሜትር ያለው ታችኛው ብቻ ክፍት ነው። 2፡30 ላይ ብርሃኑ እስከ 4.10 ሜትር ይዘልቃል። 4፡00 ላይ 1.80 ሜትር። የተቀመጠ ሰው ዓይን 1.20 ሜትር ላይ ነው ብንል፣ 2፡30 ላይ ፀሐይ ዓይን የምትመታው ከመስኮቱ እስከ 1.90 ሜትር ባለው ውስጥ ብቻ ነው።

የዚህ ሥራ ቁልፉ ይህ ቁጥር ነው። ጠረጴዛዎቹ መስኮቱን ተደግፈው ነው የተደረደሩት። እዚያ የተቀመጠ ሰው 2፡30 ላይ መጋረጃ ቢዘጋ አይፈረድበትም። ከዘጋ በኋላ ግን ማንም መልሶ አይከፍትም፣ እስከ ማታ። ስለዚህ መተላለፊያው ከኋላ ግድግዳ ሥር ተነሥቶ ወደ መስኮቱ መጣ። ጠረጴዛ የሚጀምረው ከ2 ሜትር ነው፣ ጎኑን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ስክሪን መስኮቱን እንዳያይ። በመጀመሪያው ረድፍ ጠረጴዛ ገጽ ላይ እስከ 3፡05 ድረስ ፀሐይ ትኖራለች፤ ለእነዚህ አራት ሰዎች ብቻ የታችኛው ግማሽ መጋረጃ ቀረላቸው። የመተላለፊያው ወለል ባዶ ነው፦ ካርቶን፣ መደርደሪያ፣ ምንጣፍ አይቀመጥበትም። የሞቀው ቴራዞ ላይ 4፡00 ሰዓት እጅ ሲያርፍ ለብ ይላል፤ በጥላው በኩል ግን ይቀዘቅዛል።

ታኅሣሥ 17

ንፋስ መድፈን። ጠዋት 1፡00 ላይ፣ ውስጡ ከውጭ በሚሞቅበት ሰዓት፣ ሰንደል ተለኩሶ በየመስኮቱ ዙሪያ በዝግታ ዞረ። ሥር ላይ ጭሱ ወደ ውስጥ ይተኛል፣ አናት ላይ በስንጥቁ ተስቦ ይወጣል። 41 ቦታ በጠመኔ ተከበበ። አብዛኛው የሚከፈተው ክንፍ ጫፍ ነው፤ 11ዱ ግን መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ደርቆ የረገፈበት ነው፣ መስታወቱ በጣት ሲነካ ይንቀጠቀጣል።

አሠራር፦ አሮጌው ስቱኮ ተፈለፈለ፣ ዝገቱ በብረት ብሩሽ ተጠርጎ ፀረ ዝገት ተቀባ፣ በማግሥቱ አዲስ ስቱኮ። በሚከፈተው ክንፍ ላይ ባለ 9 በ4 ሚሊ የስፖንጅ ጎማ፣ 62 ሜትር፣ ከመርካቶ። በሁለት መስኮቶች ላይ 6 ሚሊ ውፍረት ለጥፈን እጀታው አልቆልፍ አለ፤ ተነቅሎ በ4 ሚሊ ተተካ። የብረት ክንፍ ዓመታት ሲቆይ ይጣመማል፣ ስለዚህ ክፍተቱን በአራቱም ጥግ በፕላስቲሊን ጨፍልቆ መለካት፣ ጎማ ከዚያ መግዛት።

ለሂሳብ የሚሆን ማሳሰቢያ፦ የአየር መተካካት ብክነት በመጽሐፍ ላይ ለአንድ ሜትር ኩብ 0.33 ዋት ሰዓት በዲግሪ ተብሎ ይገኛል። ያ በባሕር ወለል ነው። በ2,350 ሜትር አየሩ ስለሚሳሳ 0.26 ነው የሚሆነው። በ328 ሜትር ኩብ ክፍል፣ አየሩ በሰዓት አንዴ ሲለወጥ 85 ዋት በዲግሪ። የመስታወቱ ብቻ 139 ነው። ከዚህ በኋላ ትልቁ ሌባ መስታወቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ታኅሣሥ 24

የላይኛው መስታወት፣ ከ2.20 እስከ 2.80። ከ2 ሜትር ወዲያ ያለውን ሰው ፊት የምትመታው ፀሐይ በዚህ ነው የምትገባው፣ ስለዚህ ክፍት አይተውም። መጀመሪያ የሞከርነው ርካሹን ነው፦ በ2 በ2 ሳንቲ እንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ አቡጀዲ። ብርሃኑን ይበትናል ብለን ነበር። በተናል፣ ግን ጨርቁ ራሱ ፀሐይ ሆነ። ቀጥታ ጨረር ያረፈበት ነጭ ጨርቅ ከውስጥ ሲታይ ዓይን ይወጋል፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ወረደ። የሚበትን ነገር ከዓይን በላይ ካልተደበቀ በስተቀር በምሥራቅ መስኮት ላይ አይሠራም፤ በሰሜን መስኮት ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር።

የብርሃን መደርደሪያም፣ ማለትም ፀሐይን ተቀብሎ ወደ ሶሌታው የሚመልስ አግድም ሰሌዳ፣ ታስቦ ነበር። 60 ሳንቲ መደርደሪያ በ2.20 ላይ ቢገባ ሙሉ በሙሉ የሚይዘው ፀሐይ ከ45 ዲግሪ በላይ ስትሆን ነው። 2፡30 ላይ ግማሿን ያሳልፋል። ተትቷል።

ጥር 6

ለላይኛው ባለ 25 ሚሊ አግድም የአሉሚኒየም ስላት (ቀጭን ምላስ) መጋረጃ ገባ፣ ነጭ፣ ያልተወለወለ። በስላቶቹ መካከል 21 ሚሊ አለ። የውጭ ጠርዙ ዝቅ፣ የውስጡ ከፍ ብሎ 25 ዲግሪ ሲያዘነብል፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ያለች ፀሐይ በቀጥታ አታልፍም፤ በጥር መጀመሪያ 2፡30 ላይ መስታወቱን የምትመታበት አንግል 25 ተኩል ነው። ብርሃኑ ከስላቱ ተነሥቶ ነጩ ሶሌታ ላይ ያርፋል። አንግሉ ከተስተካከለ በኋላ የማዞሪያው ዱላ ተነቅሎ ተቀመጠ። ገመዱ በእጅ ከቀረ በሳምንት ውስጥ ይዘጋል።

ሁለቱ ተገልብጠው ተሰቅለው ነበር፣ የውጭ ጠርዙ ከፍ ብሎ። በዚያ አቀማመጥ ስላቱ ከጨረሩ ጋር ትይዩ ስለሚሆን ፀሐይዋ እንዳለች ታልፋለች። ከታች ሲታዩ ልዩነቱ አይለይም፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ስላቱ ላይ አስደግፎ ማየት ነው።

ጥር 14

ሽቦ። 24ቱ ባለ 36 ዋት መብራቶች በሦስት ረድፍ ተሰቅለው፣ ሁሉም ግን በአንድ ማብሪያ ነበሩ። ያውም ሽቦው የተዘረጋው ከመስኮቱ ወደ ኋላ በሚሄድ መስመር ነው። በዚህ ሁኔታ ኋላ አንድ ጥግ ከጨለመ ሁሉም ይበራል። አዲሱ መስመር ከመስኮቱ ጋር ትይዩ ነው፦ 3 ረድፍ፣ 3 ማብሪያ፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ፣ ወደ 90 ሜትር። በየማብሪያው ላይ «መስኮት»፣ «መሐል»፣ «ኋላ» ተብሎ ተጻፈ። ይህ ካልተሠራ ቀሪው የብርሃን ሥራ ሁሉ በቆጣሪው ላይ አንድ ሳንቲም አያሳይም።

ጥር 22

የስድስት ቀን ልኬት፣ ከኅዳሩ ጋር የሚቀራረብ የአየር ጠባይ። 2፡30 ላይ 18.8፣ በ5፡00 23.4፣ በ11፡30 22.6 ዲግሪ። 5 ሜትር ላይ ያለው ጠረጴዛ 1.6 በመቶ። የመስኮቱ ረድፍ መብራት በስድስቱ ቀን አልበራም፣ የመሐሉ ከ10፡00 በኋላ በርቷል፣ የኋላው አሁንም ቀኑን ሙሉ ይበራል።

አንድ ቅሬታ መጣ፦ ከ5፡00 በኋላ አየሩ ይከብዳል። ትክክል ነው። ስንጥቁን ስንደፍን ሳይታሰብ ይገባ የነበረውን አየር አቆምነው። ከ5፡00 በኋላ ሙቀት ስለማያንስ ከዳር ያሉ ሁለት መስኮቶች በአንድ መዳፍ ስፋት ይከፈታሉ፣ 9፡30 ላይ ይዘጋሉ።

የካቲት 8

የምዕራቡ ክፍል ባጭሩ። እዚያ ፀሐይ የምትመጣው ሁሉም ነገር ከሞቀ በኋላ ስለሆነ መከልከል ነው፣ መከልከሉም ከመስታወቱ ውጭ። ከ40 በ20 አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) የተበየደ ፍሬም፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ወጣ ብሎ፣ በላዩ 10 ሳንቲ ስፋት ያለው የላሜራ ምላስ በየ10 ሳንቲው በ45 ዲግሪ። ይህ እስከ 10፡30 ገደማ ይከልላል፤ ከዚያ በኋላ የምትገባው የመጨረሻዋ ፀሐይ ለሌሊቱ ትጠቅማለች፣ አልተነካችም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማሰሪያዎች ብሎኬት ላይ በፊሸር ገብተው በእጅ ሲነቀነቁ ወጡ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ንፋስ የሚገፋው ነገር አይሸከምም። ሁሉም ወደ ቢሙና ወደ ሶሌታው ጠርዝ ተዛውረው በ10 ሚሊ ቡሎን፣ 8 ሳንቲ ጥልቀት ታሰሩ።

ሐምሌ 9

ክረምት። ሰማዩ ከነጋ እንደተከደነ ነው። ይህን ቀን ሆን ብለን ጠብቀናል፣ ሥራው የማይችለውንም መመዝገብ ስላለበት። 2፡30 ላይ 17.3፣ ከፍተኛው 19.1 ዲግሪ። ፀሐይ በሌለበት የሚያሞቁት ሰዎቹ፣ ኮምፒውተሮቹና መብራቱ ናቸው፤ ቴራዞው የሚሰጠው ነገር የለም፣ እንዲያውም ለእግር ይቀዘቅዛል። በየጠረጴዛው ሥር 60 በ90 የሆነ የእግር ምንጣፍ ተፈቀደ፣ መተላለፊያው ላይ ግን አሁንም አይነጠፍም። ብርሃኑ በአንጻሩ ደህና ነው፦ ውጭ 14,000 ሉክስ ሲሆን 5 ሜትር ላይ 220 ተለካ።

ለጥቅምት የቀረ ሥራ፦ በታችኛው መስታወት ላይ ማታ የሚዘጋ ወፍራም መጋረጃ። በአንድ መስኮት ተሞክሯል፤ አናቱ ክፍት ሆኖ ሲንጠለጠል የቀዘቀዘው አየር ከኋላው ተንሸራቶ በሥር ወጣ፣ እግር ላይ ነፈሰ። አናቱ ላይ 12 ሳንቲ ጣውላ ተደርጎ ሥሩ ደፉ ላይ ሲያርፍ ቆመ። ለስምንቱ 28 ሜትር ጨርቅ፣ 13 ሜትር ጣውላ። ማታ የሚዘጉት፣ ጠዋት ከ1፡20 በፊት፣ ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ጣሪያ በላይ ሳትወጣ የሚከፍቱት የጥበቃው ሠራተኛ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ተነጋግረን የመክፈቻው ሰዓት በር ላይ ተለጥፏል።